አራተኛው እጅ

መምህር ዘርጋው ጠመኔውን ሰብሮ፣ ግማሹን በኪሱ፣
ግማሹን በጣቱ፣ ብርዱ በትንፋሹ፣ አቧራው በልብሱ፣
«ካርቦን» አለ፣ «ሰው ነው፤ ግን አራት እጅ ያለው፤
አንዱንም እጅ ባዶ አንጠልጥሎ አይተው፤
የሚይዘው ሳያገኝ እንቅልፍ አይወስደው።»

ጠባሴ ነን። የመስኮቱ መስታወት በካርቶን ተተክቷል፤
ከበሬሳ ማዶ የተነሳ ነፋስ አንገት ሥር ይገባል።
ከዚያ ሰሌዳው ላይ መንገድ አሰመረ፤
ወጣ፣ ወረደና፣ ዞረ፣ ተሰበረ፣
እንደ ጣርማበር ላይ፣ ቁልቁል ደብረ ሲና፣
ፊደል የሌለበት ጠመዝማዛ ጎዳና።

«እዚህ ኩርባው ላይ ማነው የሚኖረው?»
ዝም አልን። ምን እንበል? ባዶ መስመር ነው።
«ካርቦን!» አለ። «እኛ መጻፍ ቢሰለቸን፣ እሱ የት ይሄዳል?
ከነሃይድሮጅኖቹ እዚያው ተቀምጧል።
ያልተጻፈውን ቁጠሩ።»

እኔ አንድ ቤት አውቃለሁ፣ ጣርማበር ኩርባ ላይ፣ ጉም የሚሸፍነው፤
አውቶቡስ አይቆምም፤ ስም የለውም ቦታው፤
ግን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ድንቿን ተሸክማ፣
አንዲት ሴት ትወጣለች ከዚያ ከጨለማ።

በማግስቱ ደግሞ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦
ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን።
«ምንድን ነው?» ሲል ቀድሜ እጄን አወጣሁና
«አረቄ!» አልኩት። የአረቄ ልጅ ነኝና።
ሳቁ ቢሮ ድረስ ተሰማ። እሱ ግን አልሳቀም።
«ሊሆን ይችላል» አለ፣ «ላይሆንም።
ቆጠርሽ እንጂ ማን ከማን እንደተያያዘ አልጠየቅሽም።»
ኦክስጅኑን ከዳር ነቅሎ ከመሃል ሰካው፤
ያው ሁለት፣ ያው ስድስት፣ ያው አንድ፤ ሌላ ነገር ሆነው።
«ይኼ ጋዝ ነው» አለኝ፣ «በመለኪያ አትቀጂው።»

ፈተና መጣ። ከአሥር ሰባት አገኘሁ፤
የት እንደሳትኩ ሳላውቅ ቀዩን ክብ ይዤ ቤት ገባሁ።

እናቴ የሺመቤት ጋኑን በጭቃ ትመርጋለች፤
በመቃው ጫፍ የሚወርደውን ጠብታ ታያለች።
አጎቴ ወንድይፍራው ከጥግ፣ ፊቱን ወደ እሳቱ፤
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በአንድ ሌሊት ነው ዓይኖቹ የሞቱ።
የእናቴ አልነበረም። ከማን እንደመጣ ያልታወቀ ጀሪካን
ሠርግ ቤት ገብቶ ነው፤ ሁለት ሰው ቀብረን
እሱ ተረፈልን።

«ምን ተማርሽ?» አለኝ። በምን ላሳየው?
ሰሌዳ ለማያይ መስመር ምኑ ነው?
ለንፍሮ የተነከረውን ሳህን ሳብኩና
ባቄላውን ካርቦን፣ አተሩን ሃይድሮጅን፣
አፍንጫ ያላትን ሽምብራ ኦክስጅን አልኩና፣
ስንደዶ ቆርጬ እጅ ለእጅ አያያዝኳቸው፤
መዳፉን ዘርግቶ ተቀበላቸው።

ዳሰሰ። ቀስ ብሎ። መቁጠሪያ እንደሚቆጥር።
«ይቺ አራት።» አለፈ። «ይቺኛዋ…» ቆመ፤ ተመለሰ፤ «ሦስት።
ምነው አንድ እጇን ባዶውን ተውሻት?»

ደብተሬን ገለጥኩ። ቀዩ ክብ ያረፈው
እዚያችው ላይ ነው።

ሳቅሁ። የጎደላትን አተር ሰካሁላት።
እሱ አልሳቀም። መቃው ጠብ አለ፤ ደግሞ ጠብ።
«የኔዋስ የቷ ናት?»

እናቴ አልዞረችም። እንጨቱን ገፋችው ወደ እሳቱ።
አንድ ባቄላ፣ ሁለት አተር ነቀልኩ፤ ይኸው ነው ልዩነቱ።
የተረፈውን ገጥሜ መልሼ ሰጠሁት።

በአውራ ጣቱ ዞራት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
«ሁሉም እጅ ተይዟል» አለ። «ምንም አልጎደላት።»
«አልጎደላትም።»
«ታዲያ?»
«ታንሳለች እንጂ።»

ዝም ብሎ ያዛት፣ ወፍ የያዘ ይመስል።
ከዚያ ሽምብራዋን ከስንደዶዋ ነጥሎ
አፉ ውስጥ ጨመራት፤ አኘካት፤ ዋጣት፤
«ጨው የላትም» አለ።